ድምፅ የተጨመረበት ለቅሶ፤ ለአጥቢያችን መሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ
ለግንባታ ኮሚቴው
ጅማ

ጉዳዩ፡- በመሠረት ድንጋይ ቀን ስለሆነው ነገር፣ አሮጌው አዳራሽ ስለፈረሰበት አኳኋንና የማክሰኞ ጠዋት ጸሎት ስለመቋረጡ

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድነው በየካቲትና በሚያዝያ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገባናቸው ሁለት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው። የመጀመሪያው በመዝገብ ላይ ከመስፈር አላለፈም፤ ሁለተኛው ደግሞ በቃል "ግንባታው ይለቅና እናየዋለን" ተብሎልናል። ከእናቶቻችን መካከል ግንባታው እስኪያልቅ የሚጠብቅ ዕድሜ አለኝ የምትል ብዙ የለችም። ሁለተኛው ማመልከቻ ከገባ ወዲህ እንኳ አንዷን ቀብረናል።

"እኛ" ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ላስቀድም። የማክሰኞ ጸሎት ኅብረት 17 እናቶችና 2 አባቶች የነበሩበት፣ በየሳምንቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በአሮጌው አዳራሽ ይሰበሰብ የነበረ ኅብረት ነው። ጸሎቱ በአማርኛ ይጀመርና ልብ ሲሞቅ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ዳውሮኛ፣ ወደ ከፍኛ ይሄዳል፤ ማንም ማንንም አያርምም። ከጥር ወዲህ 9 ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ከአጥቢያችን የወጣቶች መዘምራን ቡድን ከ"ሐ" መዘምራን፣ ተጨምረውበታል። እኔ የምጽፈው እናቶች "አንተ ፊደሉ አለህ፤ እኛ ነገሩ አለን" ብለው ስላዘዙኝ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ነገሩ የእነርሱ ነው፤ ጥፋቱን በተመለከተ ግን የእኔም ድርሻ አለበት፤ በቦታው እናገረዋለሁ።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአዲሱ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች ቆመው፣ ፕሮግራሙ በቀጥታ እየተላለፈ ነበር። የዕለቱ ስብከት ከመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 ነበር። ሰባኪው ቁጥር 11ን፣ ማለትም የቤተ መቅደሱ መሠረት ስለተጣለ ሕዝቡ ሁሉ በታላቅ ድምፅ እልል ማለቱን የሚናገረውን አንብበው መጽሐፉን ዘጉ። ድንጋዩ ወርዶ እልልታው ሲጀመር ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እናቶች ማልቀስ ጀመሩ፤ መጀመሪያ በነጠላ ጫፍ አፋቸውን ይዘው፣ ኋላ ግን በግልጽ፣ ድምፅ አውጥተው። ፕሮግራም መሪው በማይክ "እናቶቻችን፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ ለቅሶው ይቁምልን፤ ካሜራ አለ" አሉ። አልቆመም። ይህን ጊዜ ወደ ድምፅ ክፍሉ ዞረው እጃቸውን ከታች ወደ ላይ አነሡ፤ ጨምር ማለታቸው ነው። ሚክሰሩ (የድምፅ ማስተካከያው መሣሪያ) ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የኪቦርዱንና የመዘምራኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። ለቅሶው ተሸፈነ፤ በቀጥታ ሥርጭቱ የተከታተሉን ሰዎች ዛሬም ድረስ ያ ቀን እልልታ ብቻ የነበረበት ይመስላቸዋል። (ያ ሚክሰር በ2009 ዓ.ም. ሲገዛ ከገንዘቡ ከፊሉ እናቶች ድፎ ዳቦ ጋግረው በመሸጥ ያገኙት ነበር። ይህን ያወቅሁት ከጊዜ በኋላ ነው።)

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ከቁጥር 11 ቀጥሎ ያለውን አነበብሁ። በመጀመሪያው ቤት ዘመን የነበሩ፣ ያንን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች የአዲሱ መሠረት ሲጣል በታላቅ ድምፅ እንዳለቀሱ፣ ሌሎች ደግሞ በደስታ እንደጮኹ፣ ሕዝቡም የእልልታውን ድምፅ ከለቅሶው ድምፅ መለየት እንዳልቻለ ተጽፏል። ያ ቤት በባቢሎናውያን ከተቃጠለ 50 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ስለዚህ የሚያለቅሱት በልጅነታቸው ያዩትን እያስታወሱ ነው። የሕዝቡ መሪ ዘሩባቤልም ሊቀ ካህናቱ ኢያሱም እዚያው ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዳቸው "ዝም በሉ" ማለታቸው አልተጻፈም። ሁለቱ ድምፆች ተቀላቅለው እስከ ሩቅ ተሰሙ። እኛ ግን ሁለቱን ለየናቸው፤ አንዱን አጎላን፣ ሌላውን አጠፋን፤ ያውም በዚያው ምዕራፍ ላይ እየሰበክን።

እናቶቹ ያለቀሱት አዲሱን ሕንፃ ስለጠሉ አይደለም፤ ለሕንፃው ከጡረታቸው እየቀነሱ የሰጡ ናቸው። ያለቀሱበትን ምክንያት የሚጠይቅ ሰው አልነበረምና አሁን እኔ ልንገራችሁ።

ደርግ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የወንጌላውያንን ጸሎት ቤቶች በዘጋበት ዘመን፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ እነዚህ እናቶች ወጣቶች ነበሩ። የሚሰበሰቡት በአንዷ ጓዳ፣ ቡና ለመጠጣት በሚል ሰበብ ነበር። ሲኒው ይደረደራል፤ ጀበናው ይጣዳል፤ በሩ ላይ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ተቀምጣ ቡና ትቆላለች። የአብዮት ጥበቃ ከመንገዱ ላይ ብቅ ሲል "ቡናው አረረ!" ብላ ትጮኻለች፤ ያኔ ጸሎቱ ወዲያው ወደ ጨዋታ ይለወጣል። ይህን የነገሩኝ እናት እስካሁን ያችን ጎረቤት ሳያነሡ አይጸልዩም። ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ መሪዎቿ ሲታሰሩ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በስደቱ ዓመታት በየቤቱ እየተሰበሰበች በብዙ እጥፍ አድጋ ወጣች። እኛ ወጣቶች ይህን ታሪክ በኮንፈረንስ ላይ እንደ ድል ስንሰማ አድገናል። በጓዳው ውስጥ የነበሩት ግን ከድሉ ጋር አብሮ የሚነገር ሌላም ነገር አላቸው።

ከመካከላቸው አንዷ ወንድማቸውን ያጡት በቀይ ሽብር፣ በ1970 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በብዙ ከተሞች የሞተባቸው ቤተሰቦች ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ፣ ድንኳን እንዳይጥሉ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ ይከለከሉ ነበር፤ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም አሉ። እኚህም እናት የቀበሌው ሰዎች "ለቅሶ እንዳይሰማ" ብለው አስጠንቅቀዋቸው ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው እንዳደሩ ይናገራሉ። የታላላቆቹም ዕጣ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ከተገደሉ በኋላ አጽማቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኚህ እናት ወንድማቸውን በግልጽ ያለቀሱት በ1985 ዓ.ም.፣ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ያ አሮጌው የጭቃ አዳራሽ ተመርጎ የቆርቆሮው ጣራ በተመታበት ሳምንት ነው። ውኃውን ከአዌቱ ወንዝ በባልዲ ያመላለሱት፣ ጭቃውን በእግራቸው የረገጡት እነርሱ ናቸው። "ያን ቤት የወደድሁት አለቅስበት ዘንድ የተፈቀደልኝ የመጀመሪያው ቤት ስለሆነ ነው" ብለውኛል።

እንግዲህ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እኚህ እናት በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ "ለቅሶ እንዳይሰማ" ተብለዋል። አንደኛው ጊዜ በቀበሌ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ በእኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠመንጃ ነበራቸው፤ እኛ ሚክሰር ነበረን። ነገሩን ሆን ብላችሁ አደረጋችሁት አልልም፤ እኔም ሆን ብዬ አላደረግሁትም። ነገር ግን ለመጠየቅ ጊዜ አልወሰድንም።

ሁለተኛው ቅሬታችን አዳራሹ የፈረሰበት አኳኋን ነው። ለአዲሱ ቦታ መልቀቅ እንዳለበት እናውቃለን፤ አልተቃወምንም። የፈረሰው ግን በአንድ ሐሙስ፣ እናቶቹ ገበያ በወጡበት ቀን፣ ሳይነገራቸው ነው። ማክሰኞ ጸልየው የወጡበትን ቤት በሚቀጥለው ማክሰኞ ሜዳ ሆኖ አገኙት። ቆርቆሮው ለቁራሌው ተሽጧል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ለግንበኞቹ ማገዶ ሆነዋል። ከማገዶው መካከል ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተጠረበች፣ መቀመጫዋ ከመለስለሷ የተነሣ የምታብረቀርቅ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነበረች፤ ጉልበታቸው መሬት ላይ አልታጠፍ ያላቸው እናት ለ20 ዓመታት እየተቀመጡባት የጸለዩባት ናት። አንዱ እግሯ ተቃጥሎ ከአመዱ አወጣናት። በኮሚቴው መዝገብ የዋጋ ግምት ያልተሰጣት ዕቃ መሆኗን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ማን እንደሚቀመጥባት የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ በቦታው ቢኖር ኖሮ እሳት ውስጥ ባልገባች ነበር።

ከፍርስራሹ ሌላም ነገር ተገኝቷል። አንድ የ"ሐ" መዘምራን ልጅ ከግድግዳው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ባለ 50 ሉክ ደብተር አገኘ። በውስጡ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የተጸለየላቸው ሰዎች ስም ተጽፎአል፤ በእርሳስም በእስክሪብቶም፣ በተለያየ እጅ። የሞቱት ስማቸው ጎን ትንሽ መስቀል አለ። ልጁ ገጾቹን ሲያገላብጥ የገዛ ስሙን አገኘው፤ ከ"ሕፃኑ" ከሚል ቃል ጋር፣ በተወለደበት ዓመት፣ "ሳንባው እንዲድን" ተብሎ። እናቱ ይህን ነግራው አታውቅም ነበር። ማክሰኞ ጠዋት መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሎቹንም ይዞ የመጣው እርሱ ነው።

ስለ ወጣቶቹም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ሐዘን የሽማግሌ፣ ተስፋ የወጣት ነው የሚል ያልተጻፈ ደንብ በመካከላችን ያለ ይመስላል። ባለፈው ዓመት ከመዘምራኑ አንዱ፣ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ያጣ፣ በመጨረሻም በሌላ ከተማ የቀን ሥራ የጀመረ የ24 ዓመት ወጣት፣ በመኪና አደጋ ሞቶ አስከሬኑ መጣ። ቅዳሜ ቀበርነው። እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ስንቆም "ፊታችሁን ፍቱ፤ ሕዝቡ እናንተን ነው የሚያየው" ተባልን። የዘመርነው ፈጣን መዝሙር ነበር። እርሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ እንዳይታይ ተጠጋጉ ተባልን፤ ተጠጋጋን። ከዚያ በኋላ ከእኛ መካከል ሦስቱ አገልግሎት አቆሙ፤ አንዷ ጭራሹኑ ወደ ጉባኤ አትመጣም። በሪፖርቱ ላይ "በዓለማዊነት የተወሰዱ" ተብለው መጻፋቸውን ሰምቻለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። የሄዱት የሚያለቅሱበት ቦታ አጥተው ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከልም አያቶቻችንን በጥቂት ሰው የቀበርን እኛ ነን፤ የዚያን ጊዜውን ለቅሶ እስካሁን ማንም መልሶ አልከፈተውም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚጠቀስልን 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 ነው። ጳውሎስ ግን አትዘኑ አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ነው ያለው፤ ይህ ደግሞ ተስፋ ያለው ሰው እንደሚያዝን አስቀድሞ የተቀበለ ቃል ነው። ጌታ አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ከመዝሙራትም ብዙዎቹ የሰቆቃ መዝሙሮች ናቸው፤ መዝሙር 88 እንዲያውም በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ማንም አርታኢ "በደስታ ይዘጋ" ብሎ አላስተካከለውም። አባቶቻችን ወንጌልን ሲቀበሉ ሙሾውን፣ ደረት መምታቱን፣ ፊት መንጨቱን፣ ተዝካሩን ትተዋል፤ ምክንያት ነበራቸው፤ አልከራከርም። ጥያቄዬ በምትኩ ምን እንዳስቀመጥን ነው። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ሣልስት አላቸው፣ አርባ አላቸው፣ ሙት ዓመት አላቸው፤ ሐዘንተኛው መቼ እንደሚታሰብ ያውቃል። እኛ ቤት ግን ቀብሩ ካለቀ ማግሥት ሐዘንተኛው "በርታ" ይባልና ብቻውን ይቀራል። ዕድሩ ባይኖር ኖሮ፣ ድንኳኑን ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር ባንተክል ኖሮ፣ ሦስት ቀን እንኳ የሚያስቀምጠን አልነበረም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ የእናቶቻችንንም ጥፋት እጽፋለሁ፤ ጻፈው ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ለዓመታት "የዛሬ ልጆች ምን አይታችሁ ታዝናላችሁ" ሲሉን ኖረዋል። ኪቦርድ ሲገባ አኩርፈዋል፤ ሴት ልጆች ሱሪ ለብሰው ሲዘምሩ ተነሥተው የወጡም ነበሩ። የእስር ቤትና የጓዳ ታሪካቸውን ሲነግሩን አብዛኛውን ጊዜ ሊገሥጹን ነበር፤ ስለዚህ ጆሯችንን ደፈንን። ይህ የተለወጠው በየካቲት በአንዱ ማክሰኞ ነው። ከአዳራሹ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ከግንበኞቹ የሲሚንቶ መጋዘን ዳስ ሥር ቆመን ሳለ፣ በርጩማዋ የተቃጠለችባቸው እናት ወደ ልጆቹ ዞረው "ያ የሞተው ጓደኛችሁ ስሙ ማን ነበር?" አሉ። ልጆቹ ዝም ተባባሉ። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ስሙን የጠየቃቸው ሰው እርሳቸው የመጀመሪያዋ ነበሩ። ስሙን ነገሩዋቸው። ደብተሩን አምጡ አሉና አጻፉት፤ ጎኑም ትንሽ መስቀል አስደረጉበት። ከዚያ በየሳምንቱ የእናቱንና የእኅቶቹን ስም እየጠሩ ይጸልያሉ። ልጆቹም በተራቸው የ1970ውን ወንድም ስም ጠየቁ፤ እርሱም ተጻፈ።

ይህን ኅብረት ነው ጽሕፈት ቤቱ ከመጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲቆም ያደረገው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት "የማክሰኞ ጸሎት በቴሌግራም ግሩፕ ይቀጥላል" ይላል። ከ17ቱ እናቶች የ14ቱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የሚያገለግል። ማስታወቂያውን ያነበብንላቸው እኛ ነን። በዝናብ ወራት በዳስ ሥር መቆም አልቻሉም፤ አሁን በአንዷ ቤት፣ በጠባብ ሳሎን፣ ተራ በተራ እየገባን እንጸልያለን። አንዷ ስቀው "ወደ ጓዳ ተመለስን" ብለዋል፤ እኔ ግን አብሬ መሳቅ አልቻልሁም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ለማክሰኞ ጸሎት በግቢው ውስጥ ጣራ ያለው አንድ ክፍል ይሰጠን፤ የዕቃ መጋዘን ሆኖ የተያዘው የቀድሞው የሰንበት ትምህርት ክፍል ይበቃናል፤ ማጽዳቱንና ወንበር ማምጣቱን ወጣቶቹ ወስደዋል። በመሠረት ድንጋዩ ቀን ስለተነገረው ቃል ጉባኤው በእሑድ ፕሮግራም፣ በዚያው ማይክ፣ እናቶቹን ይቅርታ ይጠይቅ፤ የእኔን ድርሻ እኔ እዚያው ቆሜ ለመናገር ዝግጁ ነኝ። ከአሮጌው አዳራሽ የተረፈ አንድ በርና ጥቂት አውታር በአንድ የኮሚቴ አባል ግቢ እንዳለ ሰምተናል፤ በሩ እንዳይሸጥና በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ለአንድ ክፍል እንዲገጠም እንጠይቃለን፤ ልኩን ወስደን ለአናጢው ሰጥተናል፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ከቀብር በኋላ በሚመጣው እሑድ የሟቹ ኅብረት አገልጋዮች መድረክ ላይ እንዲቆሙ አይገደዱ፤ ቢቆሙም የሚዘምሩትን ራሳቸው ይምረጡ፤ የሟቹም ስም በጉባኤ ይጠራ። አገልግሎት ያቆሙት ሦስቱ ወጣቶች በሪፖርቱ ላይ የተጻፈባቸው ቃል ይሰረዝ፤ ከሽማግሌዎችም ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቃቸው፤ ከእናቶች አንዷ አብረው ለመሄድ ፈቃደኛ ናቸው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ይህ ከሌሎቹ ትንሽ ጊዜ ይወስድ ይሆናል። አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ ዕዝራ ምዕራፍ 3 እንደገና የሚነበብ ከሆነ እስከ ቁጥር 13 ድረስ ይነበብ። አንባቢው ከወጣቶቹ ይሁን፤ ከንባቡ በኋላ ደብተሩ ይከፈትና ከእናቶቹ አንዷ ስሞቹን ይጥሩ። በዚያን ቀን ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ እጁን ከመጨመሪያው ላይ እንዲያነሣ ከወዲሁ ይነገረው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ እናቶቹ እንዲነበብላቸው ይፈልጋሉ።

ከአክብሮት ጋር

የማክሰኞ ጠዋት ጸሎት ኅብረት ጸሐፊ፣
የቀድሞ የድምፅ ክፍል አገልጋይ

ጅማ፤ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፡-
ለ"ሐ" መዘምራን
ለወጣቶች አገልግሎት ክፍል
ለእናቶች፣ በቃል የሚነበብ